«ኔትወርክ የለም» ይባረክ

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሮቤ ውስጥ አለ። ሰርቨሩ የተቀመጠው ከጸሐፊዋ ወንበር ጀርባ ባለው ክፍል ነው፤ ዘወር ብትል ግድግዳውን በክርኗ ትነካዋለች። አንዲት ወረቀት ፈልጌ ሄድኩ። ስሜን ጻፈች፣ ጠበቀች፣ ጠበቀችና «ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም፤ ቴሌ ነው» አለችኝ።

እንዴት ያለ እርጋታ ነው! አዲስ አበባ ከዚህ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መንገዱ ቢጠማዘዝ እንኳ ደርሶ ለመመለስ ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም። የእኛዋን ገጽ ግን፣ አንዲት ግድግዳ እስክታልፍ፣ ከጎባ ተነስቶ የ4,000 ሜትሩን ሳነቴ አቋርጦ ደሎ መና የሚወርድ አይሱዙ ይቀድማታል።

በረከቱ ብዙ ነው። ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ሁለተኛ ክፍል ቀጠለች። አግዳሚው ላይ ደግሞ ከጎባም ከዲንሾም የመጣን ሰዎች ተዋወቅን። በሦስተኛው ቀን ቡና ተፈላ። በሳምንቱ እድር አቆምን፤ ዳኛ መረጥን፣ ድንኳን ገዛን። የጎባው ልጅ የሲናናዋን ሲወድ ሽማግሌዎቹ ሩቅ አልሄዱም፤ ሁለት ሰው ዘለው ተቀመጡ። ልጅ ሲወለድም ከአባቱ ቀጥሎ ወረፋ ተያዘለት። ኋላ «መዝገባችን ይዘምን» ተባለና የእድሩ መዝገብ እዚያው ሰርቨር ላይ ተጫነ። አንድ አባል ቢሞት መዝገቡ አልከፈት አለ፤ ሰውየው ከተቀበረም በኋላ ሦስት ቀን በሕይወት ተቆጠረ፣ መዋጮም አለበት ተባለ።

ኧረ በሕግ አምላክ! ሰርቨሩ ጎረቤት ክፍል ነው። እሱን ለመክፈት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ቴሌ በዚህ የለበትም።

«እህቴ፣ ልሞክር?» ብዬ ተጠጋሁ። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ የተለጠፈ፣ ቢጫ የሆነ ፕላስተር አለ፤ በእስክሪብቶ 192.168.1.10 ተጽፎበታል። «የቀድሞው ሠራተኛ ስልክ መስሎኝ» አለች። በሰርቨሩ ስም ፈንታ ይህን የአድራሻ ቁጥሩን ብጽፍ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ነገሩ ይኸው ነው፦ የሰርቨሩ ስም ሲጻፍ ማሽኑ «ይህ ስም የት ነው ያለው?» ብሎ የሚጠይቀው ውጭ ያለ ዲ ኤን ኤስ ነው። መስመር ሲቋረጥ መልስ ይጠብቃል፤ ሲሰለቸው ነው ጎረቤቶቹን ዞሮ የሚጠይቀው። መድኃኒቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ሆስትስ ፋይል ውስጥ ቁጥሩንና ስሙን ያጣመረች አንዲት መስመር መጻፍ ነው። አንዲት መስመር!

ይህን ለአይቲው ልጅ አስረዳሁት። እጁን አጣምሮ፣ «ልክ ነው ጋሼ» እያለ አዳመጠኝ። ከዚያ ጎንበስ አለና ራውተሩን አጥፍቶ አበራው። ወረቀቴ ግማሹ ከፕሪንተሩ ወጥቶ ነበር።