ግንዱና ቅርንጫፉ

ተረት ተረት፤ የመሠረት።

በአሜሪካ ምድር አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ግንዱን የያዙት ነጫጭ ርግቦች «እዚህ የሰፈረች ርግብ ሁሉ በክርስቶስ እህታችን ናት» እያሉ ይዘምሩ ነበር። እንጀራ ፍለጋ ከገጠር የመጡ ወጣት ርግቦች ማደሪያና ምክር ያገኙበታል።

አንድ ምሽት ዝናብ ያበሰበሳት ጥቁር ርግብ መጣች። ከክንፏ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እህቶቼ፣ ታሳድሩኛላችሁ?»

«ምን ከፋን፣ እህታችን! ያንቺ ማደሪያ ግን በወዲያ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ነው።»

ቅርንጫፉ ቀጭን ነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይወዛወዛል። እሷና ተከትለዋት የመጡት ጥቁር ርግቦች ግን ገለባ ለቅመው ጎጆ ቀለሱበት፤ ልጆቻቸውን አስተማሩበት። ጎተራው ያለው ግንዱ ውስጥ ነበርና ቁልፉ ከነጮቹ እጅ አልወጣም።

ይህን ዛፍ እኛም በስሙ እናውቀዋለን፤ ወሴክማ፣ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው። የአሜሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያ ቅርንጫፋቸውን በዴይተን ከተማ የከፈቱት በ1889 እ.ኤ.አ. ነው። ከርግቦቹ አንዷ፣ በሰው ስሟ ኢቫ ቦውልስ፣ ከ1913 ጀምራ ቅርንጫፎቹን ስታበዛ ኖረች። የጥቁሮችን ድምፅ የሚያሳንስ አደረጃጀት ሲመጣ ግን በ1932 ሥራዋን ለቀቀች። ስሟ ሊረሳ አይገባም።

በ1946 ርግቦቹ አትላንቲክ ሲቲ ተሰብስበው «ከእንግዲህ በላባ ቀለም አንለያይም» ብለው ማሉ። መሐላው ከልብ ነበር። በማግሥቱ ግን ብዙው ርግብ የነቃው እዚያው በለመደው ቦታ ነው። ቃል ለመግባት አንድ ቀን ይበቃል፤ ቦታ ለመልቀቅ ግን ስንት ዓመት ፈጀ!

በ1970 ጉባኤው በሂውስተን ሲጠራ ጥቁሮቹ ቀድመው ለብቻቸው መከሩ። ነጮቹ ደነገጡ።

«አንድ ሆነን ሳለ ለብቻ መምከርን ምን አመጣው?»

አንዲት አሮጊት ርግብ መለሰች፦ «ለብቻችን ስታሳድሩን ሰማንያ ዓመት አልደነገጣችሁም። ዛሬ የመጣነው ማደሪያ ልንለምን አይደለም፤ ጎጆ መሥራት እናውቅበታለን። ይህን ዛፍ ምስጥ እየበላው ነው፤ ስሙም ዘረኝነት ነው። ከሥራችን ሁሉ በፊት እሱን ባለበት ቦታ፣ በሚያስፈልገው መንገድ ሁሉ እናጥፋ።»

ክርክሩ ከረረ። በመጨረሻ ጉባኤው ተቀበለው፤ የዛፉም ዋና ግዴታ ሆነ።

«እሺ፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንጀምር?» አለች አንዲት ነጭ ርግብ።

«ከግንዱ ነዋ! ምስጡ የገባው በዚያ ነው። ጎተራውንም ክፈቱት፤ ውስጡን አብረን እንየው።»