ስምህን ጽፈህ መልሰው

ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የፈለገ ሰው ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታ ይመልከት። አንዱ ይነሣና የምሳ ዕቃ የምታህል ሳጥን ውስጥ ትንሽ ደብተር ከቶ ከድንጋይ ሥር ይሸጉጣታል። የሸጎጠበትን ቦታ በዲግሪና በደቂቃ ለክቶ ለዓለም ያውጃል። አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው ደግሞ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶችን፣ ያውም ቢያንስ አራቱን፣ እያስመሰከረ ስልኩን ይዞ ይመጣል። እሾህ ወግቶት፣ ጉንዳን ነክሶት ሳጥኗን ያገኛል። ደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ሳጥኗን እንደነበረች መልሶ ይሸጉጣል። አለቀ። ሽልማት የለ፣ ወርቅ የለ፣ አበል የለ። እንዲህ የተሸጎጡ ሳጥኖች በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን ይበልጣሉ።

ነገሩ የአሜሪካ መንግሥት ቸርነት ያመጣው ጣጣ ነው። እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ የሳተላይቱን ምልክት ለሲቪሉ ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ቦታ ጠቋሚው መሣሪያ እስከ መቶ ሜትር ይስት ነበር። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ ይቅር ብለው አዘዙ። ማዛባቱ በቀረ ማግሥት፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር ባልዲ ሸጎጠ፤ በጥቂት ቀናትም ተገኘለት። የባልዲው ሀብት መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴት፣ አንድ ጣሳ ቦሎቄ እና አንድ የላስቲክ ወንጭፍ ነበር። ወንጭፉን ልብ በሉልኝ፤ እንመለስበታለን።

አዲስ አበባ ያደገው የእህቴ ልጅ ይህን ጨዋታ ይዞብን ሮቢት የመጣው በጥቅምት፣ ማሽላው ራስ አውጥቶ ወፍ በሚጠበቅበት ሰሞን ነው። ጨዋታው ገና ሳይጀመር ያሰናከለው ስልኩ ነበር። «ሮቢት» ብሎ ሲጽፍለት ሸዋ ሮቢት ወሰደው፤ በመኪና መንገድ ከእኛ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ። በወልዲያና በቆቦ መካከል፣ ራያ ውስጥ፣ ሌላ ሮቢት መኖሩን ለስልኩ ማስረዳት አልተቻለም። «ለዚህ ነው እኮ በቁጥር የሚሠራው፣ ጋሼ» አለኝ፤ «ቁጥር አይሳሳትም።» እውነቱን ነው፤ ቁጥር አይሳሳትም። የሚሳሳተው ጻፊው ነው። ሮቢት ከ12 ዲግሪ ሰሜን እና ከ39 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። ልጁ የመጀመሪያውን ቀን ሁለቱን አገላብጦ 39 ሰሜን፣ 12 ምሥራቅ ብሎ ቢጽፍ፣ ሮቢት ከነገበያዋ በሰርዲኒያ ደሴትና በጣሊያን የብስ መካከል ካለው ባሕር ገብታ ሰጠመች። ጣሊያን በስንት ታንክና በስንት አውሮፕላን ያልጨረሰውን የእኛ ልጅ በአንድ ጣት ጨረሰው።

አጠገቡ የሚፈለግ ሳጥን ስልኩ ስላላሳየው፣ ራሱ ሊሸጉጥ ቆረጠ። እዚህ ላይ ጨዋታው ከባድ ሕግ አለው። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው። ምግብ ማስገባት ክልክል ነው፤ የኡልመር ቦሎቄ ዛሬ ቢሆን አያልፍም ነበር። ከሌላ ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። የመሬቱ ባለቤት መፍቀድ አለበት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሳጥኑን እየተመላለሰ የሚያይ፣ ደብተሩ ሲሞላ የሚቀይር፣ ዝናብ ሲገባበት የሚያደርቅ ሰው በአካባቢው መኖር አለበት። ይህ ሹመት በማን ላይ እንደወደቀ መናገር አያስፈልግም።

በፈረንጅ አገር ለዚህ ነገር የተወደደው ዕቃ የጥይት ሳጥን ነው፤ ውኃ አያስገባም፣ አይሰበርም። ልጁም ይህንኑ ከገበያ ፈልግልኝ አለኝ። በዚህስ አልሳቅሁም። በ2013 እና በ2014 ጦርነት ባለፈበት አገር ልጆቻችንን በሜዳ ያዩትን ብረት እንዳይነኩ ስንለምን ኖረናል። የጥይት ሳጥን ከዛፍ ሥር ሸጉጦ «ኑና ክፈቱት» ማለት እዚህ ጨዋታ አይሆንም። ውስጡ ቁልጭ ብሎ የሚታይ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ሰጠሁት፤ እናቱ እስካሁን ትፈልገዋለች።

ቀጥሎ የመሬት ፈቃድ። ከማሳቸው ዳር ትልቅ ቁርቁራ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን።

«እንደው ምንድን ነው ዕቃው?»

«ደብተር ነው፣ አባባ።»

«ማን ይወስደዋል?»

«ማንም አይወስደውም። ፈልጎ ያገኘ ሰው ስሙን ጽፎ ይመልሰዋል።»

«ይመልሰዋል?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጁን ጸበል አስሞክራችሁታል?» አሉኝ። ከዚያ ፈቀዱ። ደግነቱ ልጁ የመጀመሪያ ሐሳቡን ትቶታል፤ መጀመሪያ ሊሸጉጥ ያሰበው በጎሊና ወንዝ አሸዋ ዳር ነበርና፣ ያን ቢያደርግ በመጪው ክረምት ሳጥኑን ጎሊና ይዞት አፋር ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ጠባቂው በምን እግሬ ልከተለው ኖሯል?

የጨዋታው ያልተጻፈ ሕግ ከተመልካች መሰወር ነው። ፈላጊው ሌላ ሰው እያየው መፈለግ የለበትም፤ ሰው ካለፈ ጫማውን እንደሚያስር፣ ወፍ እንደሚያይ መምሰል አለበት። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ሮቢትን አላያትም። በጥቅምት ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የማሽላ ማሳ መሃል የገባ ሰው ከመሬት ላይ አይታይም፤ እውነት ነው። በየማሳው ግን ማማ ተሠርቷል፣ በየማማው ላይ አንድ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ቆሟል፣ ያ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከወፍ በቀር የሚያየው አጥቶ የከረመ ነው።

ሳጥኑን ሊፈልግ የተላከው ከቆቦ የመጣ ጓደኛው ነበር። ስልኩን እያየ፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት አንድ ወደ ጎን እያለ ቁርቁራው ዘንድ ደረሰ። የስልክ ምልክት ሰማዩ ክፍት ሲሆን እንኳ አምስትና አሥር ሜትር ይስታል፤ ዛፍ ሥር ሲገቡማ ይዋልላል። ልጁ ቁርቁራውን ሁለቴ ዞረ፤ እሾሁ ሸሚዙን ያዘው። አጎነበሰ፤ ቀና አለ። ይኼኔ ከማማው ላይ፣

«አልፈኸዋል! ተመለስ! ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ነው፣ በስተጎሊና በኩል!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ማነህ አንተ?»

«ትናንት ሲያስቀምጡት እያየሁ ነበር! ክዳኑ ሰማያዊ ነው!»

ከሩቁ ማማም ሌላው ልጅ «ሰማያዊ ነው! ሰማያዊ ነው!» አለ። አሜሪካ በቢሊዮን ዶላር ያቆመችው ሥርዓት አሥር ሜትር ሲስት፣ የራያ ወፍ ጠባቂ ከነክዳኑ ቀለም ነገረው። ወንጭፉን ልብ በሉልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ኡልመር ወንጭፉን ብቻ ከባልዲው ከትቶ ባለቤቱን ረስቶት ነበር።

ማታ ቡና ላይ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሁለት ልጆች በመሣሪያ ወርቅ ሲያስሱ ውለዋል፤ ምልክቱንም ከሰማይ እየተቀበሉ ነው። ወርቁ የጣሊያን ነው፤ አዎ፣ ቁርቁራው ያኔም ነበረ። «ደብተር ነው» ብለን ብንምል ማን ይስማን። ሰው ለምንም ነገር ብሎ እንዲህ ሊደክም አይችልም፤ ስለዚህ እየዋሸን ነው፤ ስለዚህ ወርቁ ብዙ ነው። አመክንዮው እንከን የለውም።

ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ወርቁን ቀብሮ ሄደ የሚለው ወሬ ያልደረሰበት ቀበሌ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። እዚህ ደግሞ ዋናው አስፋልት የሚያልፍበትን መስመር የጠረገው ራሱ ጣሊያን ስለሆነ፣ ድልድይ አጠገብ የተቆለለ ድንጋይ ሁሉ ምልክት ነው። ለዚህ ፍለጋ ሲባል በሬ ሲሸጥ ሰምተናል። ካርታ አለኝ የሚል ይመጣል፤ ካርታው በሻይ የተነከረ ወረቀት መሆኑን ማንም አያሸትተውም። ርካሽ መሣሪያ ያለው ይመጣል፤ መሣሪያው ለሚስማርም፣ ለጣሳም፣ ለማርትሬዛም እኩል ይጮኻል። ገብስማ ዶሮ የሚያዝ ይመጣል፤ ዶሮዋ ትታረዳለች፣ ትበላለች፣ ጉድጓዱ ግን በአንድ ክንድ ስቷል ይባላል፤ ሌላ ዶሮ። ይህ ሁሉ ሲሆን አዋጅ አለ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። ኡልመር ባልዲውን በሸጎጠበት በዚያው ዓመት የወጣ ነው፤ እነሱ ፍለጋውን ሲጀምሩ እኛ ስንከለክል።

ታዲያ ለወርቅ ሲቆፍር ዕድሜውን የፈጀውን ሰው ሰፈሩ «ዕድሉ አልቀናው» ይለዋል እንጂ ጸበል ውሰዱት አይለውም። የእህቴ ልጅና ጓደኛው ግን የፈለጉትን በቀትር አገኙ፣ ሳያወጡ ሳያወርዱ አገኙ፣ ይኸው ሰው ሁሉ ያዝንላቸዋል።

ልጁ አዲስ አበባ ሲመለስ እኔ ሹመቴን ተረከብኩ። እሑድ ዕለት ደብተሩን ለማየት ሄድኩ። ሳጥኑ በቦታው ነው፤ ድንጋዩ እንኳ ቀጥ ብሎ ተመልሷል፤ ወርቅ ፈላጊም አልቆፈረበትም። ደብተሩን ስገልጠው ግን ሞልቷል። የጨዋታው ሰዎች ስምና ቀን ብቻ ነው የሚጽፉት፤ የእኛ ሰው በማስመሪያ አስምሮ ዓምድ አውጥቶለታል፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ፆታ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ፊርማ። መጻፍ የማይችለው በአውራ ጣቱ ፈርሟል። ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ ባስተማረው ሕዝብ ፊት ባዶ ደብተር ማኖር ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የነበረብን እኛ ነን። አንድ ሰው ስድስት ቤተሰብ ብሎ ጽፎ ስምንት አድርጎ አርሞታል። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሕፈት «አራት ናቸው» ተብሏል።

ስመለስ ከማሳው ዳር አንዲት እናት አገኙኝ።

«ኃላፊው አንተ ነህ አሉኝ።»

«ኧረ ኃላፊነት አይደለም፣ እናቴ። ጨዋታ ነው። ምንም የሚሰጥ ነገር የለም።»

«እሱስ ሁሌ እንዲህ ነው የምትሉ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «እኔ ተጽፌያለሁ። ቀኑን ብቻ ሲቆርጡ ላክብኝ።»

መንገዱን ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ቆምኩ። ማማው ላይ ያለው ልጅ እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይይ። ወደ ቁርቁራው ተመለስኩና ክዳኑን ከፍቼ፣ ከመጨረሻው መስመር ሥር፣ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ በሚነበብ ጽሕፈት ጻፍኩ። የቤተሰብ ብዛት በሚለው ላይ የእህቴን ልጅም ቆጠርኩት።