መብራት ካለ የሚበራ ኮምፒውተር

የጎንደር ወጣት የጌም ኮምፒውተር ሲያስገጣጥም ምርጫውን የሚጀምረው ከጌጡ ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት ኮር አለው? እሱ ይደርሳል። ዋናው ጥያቄ ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ እየቀያየረ የሚበራ ማራገቢያ አለው ወይ ነው። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ይኼም አብሮ እንደሚጠፋ ሻጩ አይነግረው፣ እሱም አይጠይቅ።

ቀጥሎ ግራፊክስ ካርድ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ፤ ካርዱም ተከትሎት ሄደ። አርቲኤክስ 4090 ብቻውን እስከ 450 ዋት ይበላል። የእናቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ። ሁለቱ በአንድ ቆጣሪ ሲገናኙ የማን ሶኬት እንደሚነቀል መናገር አያሻም፤ ያለ እንጀራ ጌም የለም።

ይህን ሁሉ ከፍሎ ኪሱ ሲራቆት ፓወር ሰፕላዩን ከኬዙ ጋር በምርቃት ይቀበላል። እስቲ አንሱት፤ ላባ ነው። ላዩ ላይ 600 ዋት ይላል፤ ወረቀት ምን የማይለው አለ! ቮልቴጁ ወርዶ ድንገት ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው፤ ማዘርቦርዱንም አስከትሎ ሊሄድ ይችላል።

ደባርቅ ያላችሁ «ብርዱ ይበቃናል» ብላችሁ በማቀዝቀዣው አትቆጥቡ። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያ ጠራርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

እንግዲህ ፒያሳ ስትወርዱ አስቀድማችሁ ደህና ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ ግዙ። ከተረፋችሁ ካርድ፤ ከዚያም ከተረፋችሁ ጌም።