የነቀምቴው አነር

ሰው በትርፍ ጊዜው ዶሮ ያረባል፤ ካልሆነም ፕሪሚየር ሊግ እያየ ከጎረቤቱ ይጣላል። እኔ ጥይት እነድፋለሁ። ይህን አንብቦ በሩን ሊዘጋ የተነሣ ካለ ይቀመጥ፤ ጠመንጃ የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንደማይቻልም አሳምሬ አውቃለሁ። የእኔ ጥይት ስኩዌር ወረቀት ላይ ተወልዶ ስኩዌር ወረቀት ላይ የሚያረጅ ነው። ነቀምቴ ውስጥ ድራፍቲንግ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄን መስመር ካላሰመርኩበት ያሳክከኛል።

ፈረንጆች ይህን በሽታ “ዋይልድካት” ይሉታል፤ የዱር ድመት፣ በእኛ አነር መሆኑ ነው። ፋብሪካ ሠርቶ የጨረሰውን ቀለህ ትወስዳለህ፤ አንገቱን ታጠበዋለህ ወይ ታሰፋዋለህ፣ ትከሻውን ከፍ ታደርጋለህ። ማንም ሱቅ የማይሸጠው ጥይት ይሆንልሃል። ጠመንጃውም እሱን የሚያስተኛበት ቦታ በልኩ ይቀረጽለታል። አብዛኛው አነር አባት ሳይቀበለው ዲቃላ እንደሆነ ይቀራል። .22-250 የሚባለው ግን በየሰው ጓዳ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ ቆይቶ በ1965 እ.ኤ.አ. የጠመንጃና የጥይት ፋብሪካው ሬሚንግተን “ልጄ ነው” ብሎ ስሙን ሰጠው።

የዚህ መንደር ሊቀ ሊቃውንት ፒ. ኦ. አክሊ የሚባል አሜሪካዊ ጠመንጃ ሠሪ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱን “ኢርጌስፕሊተን ላውደንቡመር” ብሎታል፤ ጀርመንኛ እንዲመስል የተቀጠቀጠ እንግሊዝኛ ነው፣ ጆሮ ሰንጣቂ እንደ ማለት። ግዙፉን የዌዘርቢ .378 ቀለህ ወስዶ አንገቱን እስከ .22 አነቀው። የታሰበው በሰከንድ 5,000 ጫማ ነበር፤ 4,600 ገደማ ላይ ቆመ። ከጥይት ጋር ዝምድና የሌለው ሰው እንኳ፣ ፎቅ አስቦ ሰርቪስ ቤት ላይ የቀረ ጎረቤቱን አስታውሶ ያዝንለታል።

ለእናቴ “አነር እየሠራሁ ነው” ብላት “ዶሮዎቼን የፈጀው አንሶ?” አለችኝ።

ከአሜሪካ የተዋስኩት ግን ስሙን ነው፤ ሥራውን አያቶቻችን ያውቁታል። ውጅግራን አስታውሱ። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. የታጠቀችው፣ ባዚል ግራ የሚባል መኮንን የነደፈው ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው፤ “ፉዚ ግራ” የሚለው በእኛ አፍ ዞሮ ውጅግራ ሆነ። ፈረንሳይ በአዲስ ስትተካው አሮጌው ወደዚህ ጎረፈ፤ በ1888 ዐድዋም ዘምቷል። ጥይቱ ደግሞ ገንዘብም ነበር፤ ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ይመነዘር ነበር። ያን ጊዜ ገዢን “መልስ የለኝም” ብሎ ማመናጨቅ ቀላል አይመስለኝም፤ ሰውየው ዝርዝሩንም ዝርዝሩን የሚተፋውንም ይዞ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ተተኩሶ አይጣልም። ባዶው ቀለህ ተለቅሞ የአገር ቤት ባሩድ ይሞላል፣ እርሳስ ቀልጦ አረር ይሆናል። አክሊ መጽሐፍ የጻፈበትን ሙያ እነሱ “ምን ይደረግ፣ ቸገረን” ብለው ያልፉታል።

የአያቴ ውጅግራ በደርግ ጊዜ መሣሪያ ሲሰበሰብ ሄዷል። የቀረችው አንዲት ባዶ ቀለህ ናት፤ እሷም ጊምቢ፣ አክስቴ ዘንድ የኩል መያዣ ሆናለች። ስለዚህ ካሊፐሬን በካልሲ ጠቅልዬ፣ ዴዴሳን ተሻግሬ ጊምቢ ወረድኩ። አክስቴ ኩሉን ወደ ብልቃጥ ገልብጣ “እንዳታጣምምብኝ” ብላ ሰጠችኝ። ናሱ ከአፉ ዙሪያ አረንጓዴ ሻግቷል፤ ከታች ከንፈሩ ላይ ጠመንጃው ነክሶ የሳበበት ጠባሳ አለ። ርዝመቱ 59 ሚሊሜትር ከትንሽ። ውስጡን ልለካ ውሃ ብሞላው ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ጣቴም ለሦስት ቀን ተኩሎ ሰነበተ።

እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጬ አነሬን ነደፍኩት፦ የውጅግራ ቀለህ፣ አንገቱ ወደ 6.5 ሚሊሜትር የጠበበ፣ ትከሻው እንደ አክሊ 40 ዲግሪ። በደንብ እንዲታይ አምስት እጥፍ አሳደግኩት፤ ከነአረሩ 38 ሴንቲሜትር ሆነ። አንድ ጡረታ የወጡ የቶርኖ ባለሙያ ጎረቤት አክስቴ ቡና ላይ ነበሩና መነጽራቸውን አውጥተው አዩት።

“ውጅግራ መዝጊያውን የሚይዘው በእጀታው ሥር ባለች አንዲት ጉብታ ነው፤ የተሠራውም ለጥቁር ባሩድ ነው” አሉ። “በዚህ ብትተኩስ አረሩ ወደ ፊት ይሄዳል፣ መዝጊያው ወደ ግንባርህ። የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ ነው የማይታወቀው።”

ወረቀቱን ጠቅልዬ ተሳፈርኩ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ወለጋ ውስጥ የጥይት ንድፍ በብብት ይዞ መንገድ መግባት ምን እንደሆነ ነው። አንድ ኬላ ላይ “ውረዱ” ተባልን። ፈታሹ ጥቅሉን ከእጄ ወስዶ አውቶቡሱ ግንባር ላይ ዘረጋው። ተሳፋሪው በሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያያል።

“ይሄ ምንድን ነው፣ መምህር?”

ከአፌ ምን እንደሚወጣ እኔም እንደ ሌላው ሰው እየሰማሁ ነበር። “ዘነዘና” አልኩ።

“ዘነዘና በፕላን ይሠራል?”

“ዘመናዊ ነው።”

“ቁጥሮቹስ?”

“የወይራው ልክ።”

አንዲት ማንጎ የያዙ እናት ተጠግተው “ሞዬው ውስጥ ይገባል ወይ?” አሉ። ፈታሹ ቆይቶ፣ በጣቱ መስመሩን ተከትሎ “አንገቱ መልካም ነው፣ ይጨበጣል” አለ። “ትከሻው ግን እጅ ይልጣል። አለስልሰው።” ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ሰው ፊት የተነገረ ውሸት ዕዳ ነው። በሳምንቱ ወረቀቱን አናጢ ዘንድ ወስጄ ወይራ አስጠረብኩ። እናቴ ነገሩን አገላብጣ አየችው፤ አረሩንና አንገቱን ጨብጣ፣ በሰፊው ቂጡ ሙቀጫዋ ላይ አወረደችው። ነቀምቴ የዓለም ቡና ነጋዴ “ለቀምቲ” እያለ በስሟ የሚገዛባት ከተማ ናት፤ ቡናው ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም። አንገቱን ማጥበብ ግፊት ይጨምራል የሚሉት እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለት ሲኒ የሚሆነው ቡና አፍታ ሳይቆይ ደቀቀ። ከዚያ እጇን እያሸች “ይሄ ጉጡ ምን ያደርጋል?” አለች። ጉጥ ያለችው 40 ዲግሪውን ነው።

አናጢው ዘንድ ተመልሼ ትከሻውን አለሰለስኩት። አሁን ሁለት ጎረቤቶች አዝዘዋል። ሬሚንግተን .22-250ን ለመቀበል የፈጀበትን ዘመን ሳስብ የእኔ አነር በሦስት ሳምንት አባት ማግኘቱ ያኮራኛል።

በወሩ አንዱን ለአክስቴ ይዤላት ስሄድ እዚያው ኬላ፣ እዚያው ፈታሽ። ቦርሳዬን ከፍቶ ዘነዘናውን አወጣ። አሸተተው፤ ቡና ቡና ይላል። አውራ ጣቱን ትከሻው ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈ።

“አለሰለስከው” አለ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “አረሩ ግን ትንሽ አጥሯል።”