የደብረ ሲናው ጭረት

መኪና የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ መኪና የሚከራየው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። የሠርጉ ቀለሙ ከአበባው ጋር ይስማማ እንደሆነ ሳይቀር ታይቶ ይመረጣል። የለቅሶው ግን ማታ በስልክ ተይዞ ጎሕ ሳይቀድ ይረከቡታል፤ ኀዘን ላይ ሆኖ ጎማ እየረገጠ የሚፈትሽ የለም። አክስቴ ደብረ ሲና ለቅሶ ልድረስ ብላ ስትነሣም የሆነው ይኸው ነው። አከራዩ የመኪና ሥዕል ያለበት ፎርም አወጣና «ጭረት ካለ እዚህ ላይ ኤክስ ይደረጋል» አለን። በዚያ ጨለማ ምን ይታያል? ብርማ ቪትዝ ናት፤ ታብረቀርቃለች። የአክስቴ ልጅ «ንጹሕ ናት» ብሎ ፈረመ፤ መያዣውን ከፈለ፤ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች እናቱን ጋቢና፣ እኔን ከእንጀራው ጋር ከኋላ አስቀምጦ ተነሣ።

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ዝናብ ቢኖረውም አያስፈራም። ጣርማበር ላይ ሲደረስ ግን ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የበሳው ዋሻ 587 ሜትር ይረዝማል፤ በክረምት የሚያልፍ ሾፌር እፎይ የሚለው ዋሻው ውስጥ ሲገባ ነው፤ ቢጨልምም ጉም የለማ! ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየማቸው አይሱዙዎች ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ ባሉ ቁጥር አክስቴ የማታውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራች። ልጇ ትንፋሹን ውጦ በከባድ ማርሽ ወረደ። በዚያ ሁሉ ገደል መኪናዋን አንዲት ጠጠር እንኳ አልነካቻትም።

የነካት ደልዳላ መሬት ላይ ነው፤ ለቅሶውን ደርሰን ስንመለስ፣ ለቆሎ። ደብረ ሲና የቆሎ አገር ነው፤ መኪና ገና ሳይቆም ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል፤ በጾም ደግሞ ሳይገዙ ማለፍ የማይታሰብ ነው። አክስቴ «ምርቃቱስ?» እያለች ስትከራከር ልጇ ከመንገዱ ፈቀቅ ልበል ብሎ መሪውን ጠምዝዞ ወደ ኋላ ሄደ። ኋላውን በስፖኪዮ እያየ የፊቷን ነገር ረሳው። ቂርርር የሚል ድምፅ ሰማን። የድንጋዩ ግንብ ምንም አልሆነም። የቪትዟ የፊት ፓራፋንጎ ግን ክንድ በሚያህል ጭረት ተተልትሎ ቀረ። ቆሎ ሻጯ ደንግጣ ምርቃቱን ጨመረች።

የመልሱ መንገድ የምክር መንገድ ሆነ። ደብረ ብርሃን ላይ ጎማ የነፋልን ጎሚስታ ጭረቱን አየና «ጭቃውን እንዳታጥቡት፤ የክረምት ዱኮ ነው» አለ። ሸኖ ቡና ያፈላችልን ሴትዮ «ማታ መልሱት፤ በመብራት ጭረት አይታይም» አለች። በስልክ ያገኘነው ወዳጅ ደግሞ በአንድ ሌሊት አንጥፎ፣ አለስልሶ፣ ቀብቶ የሚያስረክብ ሠራተኛ ነበረው። ንገሩት ያለን አንድም ሰው አልተገኘም። አክስቴ ሰንዳፋ እስክንደርስ ዝም ብላ ቆሎዋን ቆረጠመችና «እኔ ነኝ የምነግረው» አለች። «በፍልሰታ፣ ከለቅሶ መልስ፣ በጭቃ ተከልዬ ሰው ልሸውድ?»

አከራዩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አክስቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ስትወርድ ባየ ጊዜ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ሰው ገጫችሁ እንዴ?»

«የለም ልጄ፤ መኪናህን ጭረናታል።»

«እሺ… ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ማዘር፣ ግድ የለም ይንገሩኝ። ሌላስ?»

መልስ አልጠበቀም። ኮፋኖውን ከፈተ፤ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አሸተተ። ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን ደቀነ። የስልኩን መብራት ይዞ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከሥር ተመለከተ። ክሪኩን ፈለገ፤ አገኘው፤ ማግኘቱ ይበልጥ አስጨነቀው።

አልፈርድበትም። በመኪና ገበያ እውነት እንደ መጥሪያ ዋጋ ነው፤ ሰሚው የራሱን ጨምሮና ቀንሶ ይሰማዋል። ሻጭ «ሴት ብቻ የነዳቻት» ካለ ገዢ በልቡ ሦስት የታክሲ ሾፌር ይጨምራል፤ «ሞተሯ አልተከፈተም» ካለ ስንቴ እንደተከፈተ ያሰላል። እንግዲህ ጭረት ነው ብሎ በእግሩ የመጣ ሰው ቢያንስ ጊርቦክስ ደብቋል ማለት ነው። ውሸታሞች ብንሆን ቶሎ እንጨርስ ነበር፤ እሱ ይከሰናል፣ እኛ እንክዳለን፣ ሽማግሌ ይገባል፣ በግማሽ እንስማማለን። ለካጅ መንገዱ የተጠረገ ነው። ላመነ ሰው ግን ምንም አልተዘጋጀለትም።

የተደበቀ ነገር ሲያጣ ኢንሹራንሱ ትዝ አለው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ነው፤ ይኸ ግዴታ መድን መኪናው በሌላ ሰውና ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው እንጂ ለመኪናው ለራሱ አይከፍልም። «ግንቡን አፍርሳችሁት ቢሆን ለግንቡ ይከፍል ነበር» አለ በቁጭት። የአክስቴ ልጅ ግንቡን ባለማፍረሱ ይቅርታ ሊጠይቅ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ሒሳብ ተጀመረ። ባትላሜራው፣ ስታኮው፣ ዱኮው በጣት ተቆጠሩ። የጭረቱን ጥልቀት ሊያሳየን አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጭቃውን ጠረገ። ላይኛው ብርማ ነው። ከሥሩ ነጭ ስታኮ፤ የጥፍር ውፍረት ያለው ስንጣሪ ተላቆ ጫማው ላይ ወደቀ። ከስታኮው ሥር ሰማያዊ።

አክስቴ ጎንበስ ብላ መነጽሯን አስተካከለች። «ልጄ፣ ይቺ ስንት ልብስ አላት?»

የአክስቴ ልጅ ከደብረ ሲና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

አከራዩ ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። «ማዘር፣ እርስዎ እውነቱን ስለነገሩኝ እኔም አልዋሽዎትም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መኪናዋ ሞጆ መንገድ ላይ ተገልብጣ ነበር። ድሮ ቢሆን ተፈትታ በየዕቃው ትሸጥ ነበር፤ በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ግን የተገለበጠም ተነሥቶ ይሄዳል። ፓራፋንጎው ከሶማሌ ተራ የተገዛ ነው፤ ሰማያዊው የቀድሞ ባለቤቱ ቀለም ነው። እንግዲህ የጫርነው ዱኮም የመኪናዋ አልነበረ፤ ፓራፋንጎውም የመኪናዋ አልነበረ። የአክስቴ ልጅ ፎርሙን አነሣና «ታዲያ ኤክሱን የት ላይ እናድርገው?» ብሎ ጠየቀ።

አከራዩ ፎርሙን ተቀብሎ ለሁለት ቀደደው። መያዣውን ቆጥሮ እስከ መጨረሻዋ ብር መለሰ። ልንሰናበት ስንል ግን የአክስቴን እጅ ያዘ።

«ማዘር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ሰኞ ገዢ ይመጣል። እርስዎን ያየ ሰው ያምናል። ብቅ ብለው ‹ደብረ ሲና ደርሰንባት መጣን፤ ደህና መኪና ናት› ቢሉልኝ?»

«ኮሚሽን አለው?» አለ የአክስቴ ልጅ።

አክስቴ ልጇን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ምን ገዶኝ፤ እመጣለሁ» አለች። «ደብረ ሲና ወስዳ መልሳናለች፣ ሞተሯ ደህና ነው፣ ፓራፋንጎዋ ከሶማሌ ተራ ነው፣ ሞጆ ላይ ተገልብጣ ነበር እለዋለሁ። በስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ተዉት ማዘር» አለ፤ በሩን ራሱ እየከፈተልን። «በዚህ ዝናብ ምን አንከራተተዎት?»