ሁለት በአራት ያልሆነው ሁለት በአራት

ነገሩ ግማሽ ኢንች ናት። ግማሽ ኢንች ደግሞ ምን አላት? ትሉ ይሆናል። እንቅልፍ የነሳችው እኔን ነው።

ሜሪላንድ፣ ሰፈሬ ካለ የእንጨት ሥራ ወዳጆች ማኅበር ገብቻለሁ። አባላቱ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ሰማንያን የተሻገሩትን ሰብሳቢ ሁሉም በስማቸው ብቻ ይጠራቸዋል፤ እኔ አፌ እምቢ ስላለኝ በልቤ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ጋሼ ታዲያ «ሁለት በአራት አቀብለኝ» አሉኝ። ከማቀበሌ በፊት እንጨቱ ላይ ሜትሬን ዘረጋሁ። አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች!

«ጎድሏል» አልኳቸው።

«እንደዚያው ነው» አሉኝ።

እንዴት ነው እንደዚያው የሚሆነው? እንጨቱ ገና እርጥብ ሳለ ሲሰነጠቅ ሁለት በአራት ነበር አሉ። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲላግ ይሳሳል፤ ስሙ ግን አይደርቅም፣ አይላግም። የዛሬውን ልክ በደንብ ያጸኑት ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢሊኖይ ውስጥ «አራት በአራት ብላችሁ ሦስት ተኩል በሦስት ተኩል ሸጣችሁልን» ብለው መደብር የከሰሱ ሰዎች ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። መርካቶ አምስት በሰባት ሞራሌ ብሎ አራት በስድስት የሚሸጥ ነጋዴ ስሙ ሌላ ነው። እዚህ አገር አስቀድሞ ደንብ ካወጣህ ስምህ አይጠፋም።

ኢንቿ ራሷስ ብትሆን? ከ1959 ጀምሮ አንድ ኢንች ማለት ልክ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲያውም አሜሪካኖች ያርዳቸውን በሜትር መተርጎም የጀመሩት በ1893 ነው። ሚሊ ሜትሩን ከጓዳ ደብቀው ሳሎን ላይ ኢንች ያቀርባሉ ማለት ነው። «እንግዲያው በሚሊ ሜትር እንነጋገር» ስል ሁሉም ፈገግ ይላሉ፣ ልጅ እንደተናገረ። እሺ፣ የአሥራ አንድ ኢንች ከሰባት አሥራ ስድስተኛ ግማሹ ስንት ነው? አምስት ከሃያ ሦስት ሠላሳ ሁለተኛ! ይህን በቃሉ የሚያሰላ ጡረተኛ በሚሊ ሜትር ሊስቅ ይችላል፣ መብቱ ነው።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። አንዱ አባል መጋዙን አስቀምጦ፣ በደግነት፣ «እናንተ አገር የእንጨት ሥራ አለ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ወንድሜ፣ የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ የሠራው ማን ሆነና ነው? ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉትን የወራጆች ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» እንላቸዋለን። አክሱም የእንጨት ሥራ ከመውደዷ የተነሳ ያንኑ የወራጅ ጫፍ፣ በሩን ጭምር፣ በሐውልት ድንጋይ ላይ ቀረጸችው። ላሊበላም ቤተ አማኑኤልን ከአለት ሲፈለፍሉ ግድግዳውን እንጨትና ድንጋይ የተነባበረ አስመስለው ነው። አሜሪካ የምትባል አገር ሳትታሰብ! «አለ?» ይለኛል እንጂ «እንዴት ነው?» አይለኝም። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ሁልጊዜ ተማሪ ነው፤ እጁ ላይ ያለው ሙያ ሁሉ ኤርፖርት የቀረ ይመስላቸዋል።

ደግነቱ ይህን ሁሉ አላልኩም። «አለ» ብቻ አልኩት። መሮ አሳሳል ያሳየኝ ይኸው ሰው ነው፣ ያውም ሳይሰለች። ለነገሩ እኛስ ብንሆን አንድ ቤት ስንሠራ ብረቱን በሚሊ ሜትር፣ ቧንቧውን በኢንች፣ ጣውላውን በሳንቲም እየገዛን አይደል? አናጢው «ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» ካለ ደግሞ የፈረንጅ ይሁን የሐበሻ ሰዓት ሌላ ጣጣ ነው፤ በየትኛውም አይመጣም።

አሁን የያዘን ክርክር የመጋዝ ነው። የጃፓን መጋዝ ወደ ራስ ሲሳብ ነው የሚቆርጠው፤ የአሜሪካኖቹ ሲገፋ። ጋሼ «መሳብ የሰነፍ ነው» ይላሉ። እኔ ለጊዜው ከጃፓኖቹ ጋር ወግኛለሁ። ምክንያቴን ጠይቀውኝ ነበር፤ ገና እያዘጋጀሁት ነው።