ብስክሌትን በጀመረ በወሩ ለመተው የሚሻ ሰው የሚከተለው ሥርዐት

አሊዩ አምባ ላይ ቆሞ ወደ አንኮበር የሚወጣውን ዐቅበት የተመለከተ ሰው፣ አንድን ጀማሪ ብስክሌተኛ ከነኃይሉና ከነተስፋው በአንድ ማለዳ ለመጨረስ ከዚህ የበለጠ የተመቸ ስፍራ በሸዋ ምድር ፈልጎ እንደማያገኝ ወዲያው ይረዳል፤ መንገዱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣልና። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ብስክሌቱን በገዛህ በማግስቱ፣ ሜዳ ላይ አንዲት ሰዓት እንኳ ሳትለማመድ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ ይህን ዐቅበት ጀምር። ከኋላህ የሚያለከልክ ባልንጀራ ቢኖር አትጠብቀው፤ የቀደመህ ቢኖር ግን ልብህ እስኪፈርስ ተከተለው። ይህ ምክር የጥፋት ምክር መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ። የምጽፈውም ብዙ ብርቱ ልጆች ይህንኑ ሥርዐት ማንም ሳያስተምራቸው ጠንቅቀው ሲፈጽሙት፣ ብስክሌታቸውም ግድግዳ ተደግፎ ሲዝግ እያየሁ ስለማዝን ነው።

እንግዲህ ዋናው ትእዛዝ ቃል ከአፍህ መውጣት እስኪሳነው ድረስ ዘወትር መጋለብ ነው። ኃይለ ሥጋን በርግጥ የሚያሳድገው፣ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ሳትቆራረጥ እየተጫወትህ የምትሄደው የዝግታ መንገድ ነው፤ ከሳምንቱ ጉዞም የሚበዛው ይኸው መሆን ይገባዋል። በዚህ ዝግታ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨትን ይለምዳል፣ በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭኑ የደም ሥር ይበዛል፣ አካልም ስብን ማገዶው ማድረግን ይማራል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በስውር የሚከናወን፣ ተመልካች የማያጨበጭብለት ሥራ ነውና፣ ውዳሴ ከንቱን የሚወድ ሰው ይንቀዋል፤ አንተም ናቀው።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አሊዩ አምባ የሸዋ ታላቅ የንግድ በር ሆና በነበረችበት ጊዜ፣ ከታጁራ በረሃውን አቋርጠው የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች፣ ግመል የደጋውን ዐቅበት እንደማይችለው ስለሚያውቁ፣ ጭነቱን ከቆላው ላይ አራግፈው በበቅሎና በአህያ ያስወጡት ነበር። የብስክሌት ማርሽም የተሠራው ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ዳገት ላይ ቀላሉን አስገብቶ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ፣ ቢቻል በደቂቃ 80 ጊዜ ያህል ማዞር ጭኑን ከመዛል ያድናል። አንተ ግን ቀላል ማርሽ የደካማ ነው ብለህ በከባዱ ላይ ቆመህ ርገጥ።

ስለ ኮርቻው ከፍታ ጥቂት ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሰናከልበት እዚህ ነውና። ኮርቻው ከሱቅ እንደ ወጣ ይቅር፤ መውደቅም ቢያስፈራህ፣ ሁለቱም እግሮችህ ደኅና አድርገው መሬት እስኪረግጡ ድረስ ዝቅ አድርገው። እንዲህ ተቀምጦ የሚነዳን ልጅ ብታየው፣ ፔዳሉ ከላይ ሲደርስ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል፣ ከታች ሲደርስም እግሩ እንደ ታጠፈ ይቀራል፤ ጭኑ ተዘርግቶ ኃይሉን ሳይሰጥ፣ ጫናው ሁሉ በጉልበቱ ሎሚ ላይ ይወድቃል። እየቆየ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱን በእጁ ይዞ ማነከስ ይጀምራል። ከዚህ ሕመም ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ግን አንድ ቁልፍና ጥቂት ደቂቃ ነበር፦ ግድግዳ ተደግፎ ኮርቻው ላይ መቀመጥ፣ ተረከዝን ከታች በደረሰው ፔዳል ላይ ማሳረፍ፣ እግሩም በዚያች ሰዓት ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ማንሣት። ከዚያ ወዲያ በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረግጥ ጉልበቱ በመጠኑ ብቻ ይታጠፋል።

ከዐቅበቱ ተርፈህ ወደ ይፋት ቆላ ብትወርድ ሙቀቱ ይረዳሃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ማሽላና ማሾ የሚበቅልባት ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ከዚያ ብርድ ወደዚህ ሐሩር የመጣ አካል ሙቀቱን እስኪለምደው ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አንተ ግን በመጣህበት ዕለት፣ በቀትር፣ ውኃ ሳትይዝ ውጣ። እንዲህ ባለ ሙቀት በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ እየተጎነጩ መሄድ እንደሚገባ፣ ላብም ጨውን ይዞ እንደሚወጣ የሚነግርህን አትስማ። ጉዞው ከአንድ ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ሙዝ ወይም በማር የተለወሰ በሶ እጅግ ይጠቅም ነበር፤ ኪስህ ግን ባዶ ይሁን፣ እጅህም ይንቀጥቀጥ። በይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾመኛ ነውና፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ከባዱን ልምምድ ለእኩለ ቀን አድርገው፤ ወደ መፍቻው ሰዓት ጠጋ ብሎ ቀለል ያለ ጉዞ መሄድ፣ እንደ ተመለሱም ወዲያው መጠጣትና መብላት ይቻል ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ጥፋት ግን ዕረፍትን መሻር ነው። በልምምድ የደከመ ጡንቻ የሚታደሰው በእንቅልፍና በዕረፍት እንጂ በኮርቻ ላይ አይደለምና፣ ለሥጋህ ሰንበት አትስጠው። ባለፈው ሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ሄደህ እንደ ሆነ፣ በዚህኛው 44 ይበቃል የሚሉህን ትተህ 100 አድርገው። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ፣ 21 የውድድር ቀናት ባሉት በዚያ ጉዞ ውስጥ ሁለት የዕረፍት ቀናት ነበሩት፤ አንተ ከእርሱ የበረታህ ሁን። አገራችን በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞቿንም ይዛ ሄዳ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ከሜልቦርኑ የ187 ኪሎ ሜትር ውድድር በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. በሮማ ደግሞ ዳግመኛ ተሰልፏል። እንዲህ ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ጽናት ባንድ ወር ተጋድሎ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ፈጽመህ ገና በሕይወትና በፍላጎት ብትገኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ተው። በዚያን ጊዜ በደምህ ያለው ፈሳሽ ጨምሮ ልብህ ሥራው ሊቀለው ጀምሯል፤ በጡንቻህ ውስጥ የሚሠራው ዋናው ለውጥ ግን ጎልቶ የሚታየው በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነውና፣ ሳታየው ብስክሌቱን ሽጠው። የሚገዛው ልጅ ከአንተ አጭር ወይም ረጅም ቢሆን ግን፣ እባክህ፣ ኮርቻውን በእርሱ ቁመት ልክ አስተካክለህ ስጠው።